ሳንቲም የምታክል ባትሪ የአባቴን ድምፅ ልትበላብኝ ነበር!

ዛሬ ስለ ፍቅረኛ፣ ስለ አማት ወይም ስለሚነቃቀል ፀጉር አይደለም የማወራችሁ። ስለ አንድ አሮጌ ኪቦርድ ነው። "ደግሞ የኪቦርድ ምክር መጣ!" ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የአባት ወይም የአጎት ኪቦርድ ያለው ቤት እኮ ብዙ ነው። እኔ የሠራሁትን ጅልነት እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ስሙን ብነግራችሁም አታውቁትም፤ ካሴት ላይ ፎቶው ወጥቶ አያውቅም። በደርግ ዘመን ሆቴል ቤት፣ ኋላ ደግሞ በየጥሩና በየሚያዝያው ሠርግ ቤት እየተጫወተ ነው ያሳደገን። ሰዓት እላፊ በነበረ ጊዜ ሙዚቃው ቢያልቅም ወደ ቤት መሄድ ስለማይቻል፣ በር ተዘግቶባቸው ተጫዋቹም ጠጪውም እዚያው ያነጋ እንደነበር ሲያወራን ተረት ይመስለን ነበር።

ኪቦርዱን በ1979 ዓ.ም. አንድ ዘመድ ከዋሽንግተን ነው ያመጣለት። ያማሃ ዲኤክስ 7 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያ ላይ ሲወጣ የዓለምን ሙዚቃ ያመሰ መሣሪያ ነው። ከሱ በፊት የነበሩት እንደ ሙግ ያሉት ሲንተሳይዘሮች ብዙ የሚዞር ጉጥ ነበራቸው፤ ጉጡን እያዞርክ ድምፁን ትለውጣለህ። ይሄኛው ጉጥ የሚባል የለውም። ጠፍጣፋ ቁልፍ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ በቃ! አሠራሩን የፈለሰፉት ጆን ቻውኒንግ የሚባሉ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰው ናቸው። አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው ሞገድ እያርገበገቡ አዲስ ድምፅ ማውጣት ይቻላል አሉ፤ ያማሃ ፈቃዱን ገዝቶ በኪቦርድ መልክ ሸጠው። ጣጣው ምን መሰላችሁ? በዚህ መሣሪያ የራስን ድምፅ መሥራት ከባድ ነው። አብዛኛው የዓለም ተጫዋች ፋብሪካው በሞላለት ድምፅ ነው የተጫወተው።

አባቴ ግን እልኸኛ ነበር። ያን ጊዜ በየባንዱ የትራምፔትና የሳክስፎኑ ጓድ እየሳሳ፣ ኪቦርዱ የቫዮሊኑንም የነሐሱንም ቦታ መሸፈን ጀምሮ ነበር። በሮሃ ባንድ የዳዊት ይፍሩን ኪቦርድ የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። አባዬ ታዲያ "የሀበሻ ጆሮ የፈረንጅ ደወል ብቻ አይጠግብም" እያለ፣ ሌሊት የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ክራር የሚመስል፣ ዋሽንት የሚመስል ድምፅ ሲቀምም ያድር ነበር። ልጅ ሆኜ ሽንቴን ልሸና ስነሳ፣ በጨለማው ቤት ውስጥ ድምፅ ሳይሰማ የሚንቀሳቀሱት ጣቶቹ ብቻ ይታዩኝ ነበር።

አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እኛ ደግሞ ከዶሮ ማነቂያ ወጥተን ኮንዶሚኒየም ገባን። የፒያሳውን ነገር ታውቁታላችሁ፤ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ፈረሰ፣ ሰዉም በየአቅጣጫው ተበተነ። አዲሱ ቤት ጠባብ ነው። እማዬ አንድ ቀን ብድግ ብላ፣

"ለቆራሌው ልሰጠው ነው" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ያንን ኦርጋን ነዋ! ቦታ ያዘብኝ። ደግሞም አይሠራም።"

ቆራሌው ለካ ቀድሞ መጥቶ አንስቶ መዝኖታል። 14 ኪሎ! በኪሎ ሊወስደው! ደሜ ፈላ። "አሠራዋለሁ፤ ሦስት ሳምንት ስጪኝ" አልኳት። እማዬም "ሦስት ሳምንት፤ ከዚያ በኋላ አላውቅልሽም" አለች።

የመጀመሪያውን ጅልነት የሠራሁት እዚያው ቤት ነው። ከጋቢው ፈትቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ስፒናውን ሶኬት ላይ ሰካሁት። ሲሠራ ብታዩት… እንደ ሰው አንድ ጊዜ "እህ!" አለና ጸጥ። ቀለል ያለ የቃጠሎ ሽታ መጣ። እማዬ ከማድ ቤት ሆና "ምን አቃጠልሽ?" አለችኝ።

ምን እንዳቃጠልኩ የገባኝ ኋላ ነው። ከኪቦርዱ ጀርባ፣ ገመዱ የሚገባበት አጠገብ "120 ቮልት" የሚል ጽሑፍ አለ። የአሜሪካ መብራት ነው። የኛ 220 ነው። አባዬ ሁልጊዜ ከ220 ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር ነበር የሚሰካው። ያንን ጡብ የሚያህል ከባድ ብረት፣ ቤት ስንለቅ "ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?" ብዬ የጣልኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ከውጭ የመጣ አሮጌ ዕቃ ያላችሁ ሁሉ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። የጃፓን ገበያው 100 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120፣ የአውሮፓው ለኛ ይስማማል። ዕቃው ሁሉ መልኩ አንድ ስለሆነ በዓይን አይለይም።

በማግስቱ ተሸክሜው ወጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፈለኝ፤ ለኪቦርዱ መሆኑ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት አንድ የስልክና የላፕቶፕ ጥገና ቤት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ልጁ ጨዋ ነው፤ "ችግር የለም እህቴ፣ ነገ ነይ" አለኝ። በነጋታው ስሄድ ኪቦርዱ ሆዱን ተቀዶ ተኝቷል።

"ባትሪው አርጅቶ ነበር፤ ቀየርኩልሽ" አለኝ።

"ይሠራል ታዲያ?"

"አይ፣ ቦርዱ ሞቷል። አዲስ ግዢ ብልሽ ይሻልሻል።"

ለምርመራና ለባትሪ 800 ብር ተቀበለኝ። እንደማይሠራ ለማወቅ 800 ብር ከፈልኩ ማለት ነው፤ አትሳቁ። ከብሩ ይልቅ ያጠፋኝ ባትሪው እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም ነበር። እንዲያውም "ቢያንስ አዲስ ባትሪ አለው" ብዬ ተጽናናሁ!

አንድ የአባቴ የድሮ ጓደኛ በስልክ "እኚያን ሽማግሌ ፈልጊያቸው" አሉኝ። ሽማግሌው በፒያሳ የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ቤታቸው ፈርሶ የት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው ማግኘት አራት ቀን ወሰደብኝ። ጊዮርጊስ አካባቢ ጠየቅሁ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ፊት ለፊት ጠየቅሁ፤ በመጨረሻ አንድ ሊስትሮ ነው ያሳየኝ። ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቁ፣ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ከሰዓት ጠጋኝ ጋር ተዳብለው ተቀምጠዋል። የቆዩ ቴፖች፣ የተፈታ አምፕሊፋየር፣ በቆርቆሮ ጣሳ የተሞላ ብሎን። አራዳ ማለት እኮ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ቢፈርስም ካቻቢቴውን ይዞ ሌላ ጥግ ላይ የሚከፍት!

"ጋሼ፣ ኪቦርድ ነበረኝ…" ስላቸው መነጽራቸውን አወረዱ።

"ዲኤክስ ነው? አስቀምጪው የኔ ልጅ። ማነው የከፈተው?"

ነገርኳቸው። ቴስተራቸውን አወጡና ፊውዙን ነቅለው ወደ መብራት አንስተው አሳዩኝ። ፊውዝ ሲቃጠል ቋንቋ አለው አሉኝ። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ሽቦው ብቻ ከተበጠሰ ጫናው ቀላል ነበር ማለት ነው። መስታወቱ ውስጡ ከጠቆረ ግን ከባድ ነገር አልፎበታል። ዝም ብሎ አዲስ ፊውዝ መክተት፣ የባሰ ደግሞ በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ መጠቅለል፣ ዕቃውን መግደል ነው። የኔው ጥቁር ነበር። ስለዚህ ከፊውዙ ጀርባ ያለውን የኃይል ክፍል አንድ በአንድ ለኩት። ሁለት ቀን ፈጀ። ያበጡና የደረቁ ኮንደንሰሮች ነበሩ፤ እነዚያን ለወጡ። የአሮጌ ዕቃ ሁሉ ሕመም እሱ ነው፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከዕድሜ ብዛት ይደርቅና ድምፁ "ምምምም" ማለት ይጀምራል። የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ሥር ብየዳው ተሰንጥቆ ነበር፤ እሱንም በብየዳ ካውያ ነክተው መለሱት። አንድ መለዋወጫ ከምናለሽ ተራ አስመጡ። ቦርዱ ሞቷል የተባለው ነገር፣ ሽማግሌው እንዳሉት፣ ጨርሶ አልተነካም።

በሦስተኛው ቀን በትራንስፎርመር ሰክተው አበሩት። መስኮቷ ላይ ፊደል ወጣ! ልጮህ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ፊደሉ ፊደል አይደለም። ነጥብ፣ ጥያቄ ምልክት፣ ቁጥር፣ የተዘበራረቀ ነገር። ቁልፍ ስነካ ቆርቆሮ የሚቧጨር ድምፅ ወጣ። ሌላ ነካሁ፣ እንደዚያው። ሽማግሌው እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሱ።

"ይሄ ልጅ ባትሪውን ሲያወጣ፣ ያለውን አስቀምጦ ነበር?"

"ምኑን ጋሼ?"

ያኔ ነው የገባኝ። ዲኤክስ 7 ውስጥ 32 ድምፅ የሚይዝ ማስታወሻ አለ። ያንን ማስታወሻ በሕይወት የሚያቆየው ቦርዱ ላይ የተበየደ 3 ቮልት ባትሪ ነው፤ ሲአር 2032 የሚባለው፣ በመኪና ቁልፍና በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ሳንቲም የሚያህል። መሣሪያው ጠፍቶ ሲቀመጥ እሱ ብቻ ነው የሚሠራው። አንዳንዱ 20 እና 30 ዓመት ይቆያል። ሲነቀል ግን፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ 32ቱም ይጠፋሉ። የፋብሪካው ድምፅ ቢሆን ችግር የለም፣ እንደገና ይጫናል። የአባዬ ክራርና ዋሽንት ግን ከዚያ ኪቦርድ ሆድ በቀር የትም አልነበሩም። ሌሊት ሌሊት የተቀመመው ሁሉ በ800 ብር ተጠራርጎ ሄደ። አለቀስኩ፤ ሰዓት ጠጋኙ ውሃ አመጣልኝ።

ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ መቼም። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። አሜሪካ ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሙግና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አስተባብሮ አንድ ካሴት አወጣ፤ ከዚያ ብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያችን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ላይ አገኛትና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመች፤ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴት እንዲህ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ቢረሳም ቢንሻፈፍም ድምፁን ይዞ ይቆያል። የኪቦርድ ማስታወሻ ግን ሳያቋርጥ መብላት አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ለስድስት ዓመት በጋቢ ጠቅልዬው ስቀመጥ፣ ያቺ ባትሪ ለብቻዋ ስትጠብቅልኝ ኖራለች ማለት ነው።

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆይተው "አባትሽ ካርትሪጅ አልነበረውም?" አሉ። ከኪቦርዱ ላይ የሚሰካ፣ የካሴት ግማሽ የሚያህል ማስቀመጫ ነው። ሠርግ ላይ አንዱ ተጫዋች ሲታመም ሌላው እንዲተካው ድምፁን በካርትሪጅ ይዋዋሱ ነበር አሉኝ። ያ ስልክ ላይ ያገኘኋቸው የአባዬ ጓደኛ ትዝ አሉኝና ደወልኩ።

"ካርትሪጅ? ቆይ ቆይ… በታመመ ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር። አልመለስኩለትም" አሉ። ድምፃቸው ተቆረጠ። "ልመልስለት ስል አረፈ።"

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከዳዊት መጽሐፋቸው ጎን መሳቢያ ውስጥ ነበር። "ይሠራ እንደሆን አላውቅም፤ እሱም ውስጡ ባትሪ አለው" አሉኝ። ሌላ ባትሪ! ቡና ጠጡ ብለው ለምነውኝ አንድ ስኒ እንኳን በወጉ አልጠጣሁም።

ምድር ቤት ስመለስ ሽማግሌው ካርትሪጁን እንደ ጽላት በሁለት እጅ ተቀበሉኝ። አሁን ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኪቦርዱ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፤ ከካርትሪጁ ወደ ራሱ መጫን፣ ወይም ከራሱ ወደ ካርትሪጁ ማስቀመጥ። የተሳሳተውን ብትነኩ የተዘበራረቀው ቆሻሻ ሄዶ የመጨረሻውን ቅጂ ይሸፍነዋል። ለዚህ ነው "ሜሞሪ ፕሮቴክት" የሚባል መከላከያ ያለው። የካርትሪጁን መከላከያ ዘግታችሁ፣ የኪቦርዱን ብቻ ትከፍታላችሁ። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ "አንቺ ተጫኚው፤ የአባትሽ ነው" አሉኝ። ጣቴ ተንቀጠቀጠ።

መስኮቷ ላይ ስም ወጣ። በላቲን ፊደል፦ "ክራር 2"። ነካሁት። አባዬ!

32ቱንም አንድ በአንድ አየናቸው። አብዛኛው የፋብሪካ ነው፤ 11ዱ ግን የሱ ናቸው። ዋሽንት አለ፣ "ሠርግ 1" አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል የመሰለ አለ። የአንዱን ስም ግን ልናነበው አቃተን። መስኮቷ ለስም የምትይዘው 10 ፊደል ብቻ ስለሆነ መጨረሻው ተቆርጧል። ሽማግሌው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። "ዶሮማነቂ…! ዶሮ ማነቂያ ነው እኮ የኔ ልጅ!" ድምፁ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ የሰከረ ትራምፔት ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራነው መጀመሪያ መሠራት የነበረበትን ነው። ሙዚቃ በላፕቶፕ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ጠራሁ። ኪቦርዱ ጀርባ ሚዲ የሚባል ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ መሰኪያ አለ። ወደ ኮምፒውተር በሚወስድ ገመድ አያይዞ ሁሉንም ቀዳ። 32 ድምፅ በጠቅላላ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 4 ኪሎባይት ገደማ! አንድ የስልክ ፎቶ የዚህን በመቶ የሚቆጠር እጥፍ ይበልጣል። የአንድ ሰው ስንት ሌሊት፣ ለኢሜይል እንኳን የማይከብድ ፋይል ሆነ። ለወንድሞቼም ላክሁላቸው። ዴክስድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት ያለ ኪቦርዱም ይጫወታል።

ቅጂው ከተያዘ በኋላ ነው ሽማግሌው መብራቱን ነቅለው፣ ባትሪውን አውጥተው፣ በቦታው የባትሪ መያዣ የበየዱት። ከእንግዲህ ያለ ካውያ በጣት ይቀየራል። ዲኤክስ 7 ያላችሁ፣ "ፈንክሽን" የሚለውን ተጭናችሁ ቁልፍ 14ን ብትነኩ የባትሪውን ቮልት ይነግራችኋል፤ ከ3 ብዙ ወርዶ ካያችሁት አትዘግዩ። የሌላ ዓይነት ኪቦርድ ያላችሁም ጠጋኙን ሳይከፍተው በፊት "ማስታወሻው በባትሪ ነው ወይ? ቅጂ ያዝክ ወይ?" በሉት። ግራ ገብቶት ካያችሁ፣ ዕቃችሁን ተሸክማችሁ ውጡ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ መልስልኝ ማለትም መብታችሁ ነው። አንዳንዱ ቁልፍ ያለ ልክ የሚጮህ ወይም የሚዘል ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት መገናኛ አለ፤ መሣሪያው በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ለክቶ ነው በኃይል መታችሁ ወይስ በቀስታ የሚለውን የሚያውቀው። አቧራ ሲገባበት ይሳሳታል። ንጹሕ አልኮልና ትዕግሥት ይበቃዋል። የበር ማጠፊያ ዘይት ግን እንዳትረጩበት፤ አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል።

ኪቦርዱን ቤት ያስገባሁት በ19ኛው ቀን ነው። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ምንም ሳልናገር "ክራር 2"ን ነካሁ። ቢላዋው ቆመ። ዞር ሳትል "ያንን የሰካራሙን አምጪው" አለችኝ።

"የቱን?"

"እዚያ ጥግ ቡና ቤት የነበረ ጡሩምባ ነፊ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት የሚበጠብጠን። አባትሽ ተናዶ እሱን ለማሽሟጠጥ የሠራው ነው። እኔን ሲያስቀኝ… የለም እንዴ?"

ዶሮ ማነቂያን አመጣሁላት። በሽንኩርቱ ነው በምን እንጃ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ሳቀች። ቆራሌው በሳምንቱ ሲመጣ "የምን ኦርጋን?" ብላ ነው የመለሰችው።

ከላይ በኩል ያለችው አንዷ ፋ እስካሁን አልተነሳችም። ሽማግሌው "መገናኛዋ ተሰብሯል፤ ከሌላ የሞተ ዲኤክስ ላይ እስክፈታልሽ ጠብቂ" ብለውኛል። እየጠበቅሁ ነው።